የእትዬ ሾርባ ጨው

እሑድ እሑድ ምሳ የምንበላው እትዬ ቤት ነው። ታላቅ እህታችን ናት። ዕድሜዋን ሙሉ አዋላጅ ነበረች፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምታዋልደው ሰው ስላጣች እኛን ታበላለች። እናታችን ካረፈች በኋላ እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንገናኘው በዚህ ምሳ ብቻ ነው። ምሳው ከቀረ መገናኘቱም ይቀራል።

ችግሩ የምስር ሾርባዋ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጨው እየበዛበት መጣ። ሾፌሩ ወንድሜ ውሃ በላይ በላዩ ይጠጣል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ልጄ ዳቦ ብቻ ትገምጣለች። አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። እትዬ ኩሩ ናት፤ ከተነካች ድስቷን ደፍታ ትቀመጣለች።

አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ስንወጣ ደረጃው ላይ ወንድሜ ያዘኝ። "አንቺ ትቀርቢያታለሽ። የዛሬ ሳምንት ንገሪያት።"

እሺ አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ የምላትን ቃል ስለካና ስቀድ ሰነበትኩ።

ቀጣዩ እሑድ ህልም ህልም የሚል ቀን ነበር። መጋረጃው ከመስኮቱ ይነሳል፣ ተመልሶ ይተኛል። ታች ልጆች ኳስ ሲመቱ ድምፁ ከሌላ ዘመን የሚመጣ ይመስላል። እትዬ መነጽሯ በእንፋሎት ተሸፍኖ በዳበሳ ትጨልፋለች። ዓይኔ ከበድ ከበድ አለኝ፤ ያለሁበትን ዓመት እንኳ የረሳሁ መሰለኝ።

"ቅመሺ" አለችኝ።

ወንድሜ በጉልበቱ ጎሸም አደረገኝ። አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ደገምኩ። ልክ ነበር። እናታችን የምትሠራው ሾርባ ራሱ ነበር። ያለ ነገር ያለ ጭቅጭቅ ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ቀና ስል ወንድሜ ሁለተኛ ብርጭቆውን እየጨለጠ ነው። ልጄ ሳህኗን ቀስ አድርጋ ገፋችው።

ማንኪያዬ እጄ ላይ ቀረ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በቅርቡ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ በአምፖሉ አሳብቤ ነበር። ምላሴን በምን አሳብባለሁ?

"ምነው ዝም አልሽ?" አለች እትዬ።

"ምንም። ይጣፍጣል" አልኩ። ወንድሜ አፈጠጠብኝ። እውነቴን ነበር፤ ያስፈራኝም እውነት መሆኑ ነው።

እትዬ መነጽሯን በቀሚሷ ጠርጋ አደረገችና ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ውሃ ስትጠጡ አላይም መሰላችሁ?" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ጨዉን ስቀንሰው እኔ አፍ ላይ ምንም አይልም። ብቻዬን ያረጀሁ መስሎኝ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።"

እጇን ያዝኩት። ሳህኔን ሞላችልኝ።

"በቃ፣ ከእንግዲህ ሁለት ድስት እጥዳለሁ" አለች። "አንዱ ለልጆቹ፣ አንዱ ለእኛ።"

እስከዚያች እሑድ ድረስ እትዬ "ልጆቹ" ስትል እኔንም ጨምራ ነበር።