የሙሴው ሪዝ

ዓሊማ የወተቱን ቅል ወዲያ ወዲህ እያላጋች ትንጣለች። ሞላ ከምሰሶው ጀርባ ተቀምጦ አሬራ በዋንጫ ይጠጣል።

ሁዳዴ ሲገባ የሞላ ላሞች ወተት ወደ እስላም ጎረቤቱ ወደ ዓሊማ ቤት ይሄዳል። እሷ ንጣ ቅቤውን ለፋሲካ ታቆይለታለች። እሱም "ቅቤዬን ልይ" እያለ ብቅ ይላል። ዘንድሮ ደግሞ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል።

"ከዚህ ቤት የማትጾሙ አንተና ድመቷ ናችሁ" አለች ዓሊማ። "እሷስ አንዳንድ ቀን ትታቀባለች።"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።"

"አላህ እስላም ቤት አይገባም ብለህ ነው እኔ ዘንድ የምትደበቀው አያ ሞላ?"

ሞላ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። እሱ የማርያም ማኅበር ሙሴ፣ የማኅበርተኛው ዳኛ ነው። በጾሙ አገር ያደንቀዋል። ዛሬ የሚዳኘው ማኅበርተኛዋን ብዙዬን ነው፤ ከንዳድ ተነሥታ ወተት ስትጠጣ ታይታለች። "ከጽዋችን ትውጣ" ብሎ ቀድሞ የተናገረውም ራሱ ነበር።

"ሙሴ እዚህ ነው አሉ" የሚል የመምሬ ንጉሡ ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

ዓሊማ የሻሿን ጫፍ ወረወረችለት። "ሪዝህን ጥረግ!"

ሞላ በበሩ ስንጥቅ አየ። ማኅበርተኛው ቆሟል፤ ከኋላ ብዙዬ ከስታ፣ በዱላ ተደግፋ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች። እሷ የጠጣችው በገዛ ደጃፏ፣ ፀሐይ ላይ ነበር። ሻሹን መለሰና ዋንጫውን እንደያዘ ወጣ።

"መምሬ፣ ብዙዬ የጠጣችው ልትድን ነው። እኔ ግን ምንም አላመመኝም።"

መምሬ ነጩን ሪዝ አዩ፤ ዋንጫውን አዩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ልጄ?"

"ከቅበላ ማግስት።"

መጀመሪያ የሳቀችው ብዙዬ ናት። ነጠላዋ ከፊቷ ወረደ። ከዚያ መምሬ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተንፈቀፈቁ፤ ሌላውም ተከተለ። ሞላም ሳቀ፤ አሁን አፉን አልሸፈነም።

"በል እንግዲህ ፍረድ፣ ሙሴ" አሉ መምሬ እንባቸውን እየጠረጉ። "ንስሐህን ለኔ ተወው።"

"ብዙዬ በኔ ወንበር ትቀመጥ። እኔ እስከ ፋሲካ ቆሜ ጠላ እቀዳለሁ።"

"እንዳትቀምስ ብቻ!" አለ አንዱ ከኋላ።

ሞላ ተመልሶ ገባ። የተረፈውን አሬራ በዓሊማ ትንሽ ቅል፣ በቅምጫናዋ ገልብጦ "ለብዙዬ ነው፣ ቤቷ ላኪላት" አለ። ዋንጫውን አጠበ፤ በነጠላው ጫፍ አደረቀና ከምሰሶው ላይ ሰቀለው።