የኪያሩን ፈረስ ከተፍኩት

የሟች ፈረስ የሚሠራው ከኪያር ነው። አራት ስቴኪኒ እንደ እግር ይሰካለትና የሟቹ ፎቶ ፊት ይቆማል፤ ሙታን ቤተሰባቸውን በሚጎበኙበት የእኛ የጃፓኖች በዓል፣ በኦቦን፣ ሟቹ እሱን ጋልቦ ቶሎ ቤቱ ይደርሳል። ሲመለስ ደግሞ እንዳይቸኩል ከደበርጃን ላም ይሠራለታል። ባሌ ሽገዞ ጉልበቱን ያመው ስለነበር፣ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ፈረሱ ነበር። ከሞተ የመጀመሪያው ኦቦን ነውና ከመጣ የሚመጣው በበዓሉ መግቢያ ቀን ነው።

እኔ ጅሏ ግን ፈረሱን ከተፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማችን ኩማጋያ ያን ዕለት በሙቀት ተቃጠለች፤ የከተማው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ «አረጋውያን ከቤት እንዳትወጡ» እያለ ይጮሃል። እንዲህ ባለው ቀን ምሳችን ምንጊዜም ሂያሺ ቹካ ነው፤ ቀዝቃዛ ኑድል። ኑድሉን ቀቅዬ በበረዶ ውሃ አሸሁት፣ አጠለልኩት። እንቁላሉን በስሱ ጠብሼ እንደ ክር ቆረጥኩ። አቼቶውን ከአኩሪ አተር ስጎና ከሰሊጥ ዘይት ጋር መታሁት። ከዚያ እጄ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ኪያሩን አወጣና ከተፈው። አርባ አንድ ዓመት የለመደ እጅ ማንንም አያማክርም። ቢላዋውን ሳስቀምጥ ነው ለፈረሱ እግር ያዘጋጀኋቸውን ስቴኪኒዎች ያየኋቸው። ቤት ውስጥ የነበረው ኪያር ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

ጎረቤቴን ታጹኤን በአጥሩ ላይ ጠራኋት።

«ኪያር አለሽ?»

«ለምኑ?»

«ለፈረሱ። ያስቀመጥኩትን ከተፍኩት።»

ሳቋ መንገድ ድረስ ተሰማ። «አንቺ ሴትዮ፣ የሰውየውን መጓጓዣ በላሽበት?»

«ገና አልበላሁም! አለሽ የለሽም?»

«የእኔንማ ለአባቴ አቁሜዋለሁ። ሽማግሌውን አውርጄ ያንቺን ባል ላፈናጥጠው? ከፈለግሽ ካሮት አለኝ።»

«ካሮት ደግሞ ምን ሊሆን?»

«አህያ ነዋ!»

የሰፈሩ አትክልት ቤት ለበዓሉ ዘግቷል። ከሌላ ሰፈር ኪያር ልገዛ ዣንጥላዬን ይዤ ወደ አውቶቡሱ ልሄድ ስል ታጹኤ መሳቋን ተወች።

«አርባ ዲግሪ ነው፣ ኪኑኤ። ልትቀበዪው ወጥተሽ አብረሽው ልትሄጂ ነው? ግቢ!»

ገባሁ። እውነቱን ለመናገር፣ አብሬው መሄዱ ያን ያህል አላስፈራኝም።

ኑድሉን በሁለት ሳህን አቀረብኩ። ሽገዞ የናጎያ ልጅ ነው፤ እንደ አገሩ ሰው ማዮኔዝ ካልጨመቀበት አይዋጥለትም። «ይሄ ምግብ ነው የግድግዳ ቀለም?» እያልኩ ስነዘንዘው ኖሬ፣ በመጨረሻ ሰልችቶት ማዮኔዝ መግዛቱን ተወ። በዋዜማው ለእሱ ብዬ ራሴ ገዛሁ። አብዝቼ ጨመቅኩለትና ፎቶው ፊት አኖርኩለት። እስኪመጣ ብዬ የእኔንም አልነካሁም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ቤቱ እንዳይጠፋው በር ላይ ጭራሮ አነደድኩ።

«በእግርህም ቢሆን ና» አልኩት።

ጭራሮው አመድ ሆነ። ኑድሉ አበጠ። በር አልተንኳኳ፣ ያ ሳሉ አልተሰማ። ብቻዬን ተቀምጬ የራሴን በላሁ። ምግብ መጣል ነውር ነውና የእሱንም አነሳሁ። ማዮኔዙ ከአቼቶው ጋር ተዋህዶ ይጣፍጣል! በጣም ይጣፍጣል። ተናደድኩ። አሁን ተሸነፍኩ ብዬ ለማን ልንገር? አለቀስኩ።

በአራተኛው ቀን፣ ሙታን በሚሸኙበት ዕለት፣ ታጹኤ በአጥሩ ብቅ አለች።

«ላሚቱንስ አቆምሽለት?»

«አዎ» ብዬ ዋሸኋት።

ደበርጃኑን በዘይት ጠብሼ በልቼዋለሁ። ሽገዞ መጥቶ እንደሆነ አላውቅም። ከመጣ ግን በዚያ ጉልበቱ በእግሩ አይመለስም።