«ሞቱ» የተባሉት ሻይ ሻጭ

ኑ እስቲ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። የማወራችሁ ሞተዋል አልሞቱም እየተባለ ሰው ስላወዛገቡ አንዲት የአራዳ ሴት ነው።

እትዬ ደብሪቱ ይባላሉ። በወጣትነታቸው መድረክ ላይ ንግሥት ሆነው ተውነዋል፤ በስተርጅና የደረሳቸው ግን «ባለካራው» በሚባል ፊልም ላይ ራስ መኮንን ድልድይ ሥር ሻይ መሸጥ ሆነ። ባለካራው ማለት ፊቱን በጆንያ ሸፍኖ፣ ካራ ይዞ ሰው ሲያርድ የሚውል፣ ለምን እንደሚያርድ ግን የጻፈውም ሰው የማያውቀው ፍጡር ነው። ደሙ ቀይ ሥር ነው። ያም ሆኖ ሕዝቡ ወደደውና ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት እየተባለ ቀጠለ።

ጣጣው የመጣው ከዳይሬክተሩ ከተስፋሁን ነው። አንዱን ፊልም እንደ ሙዳ ሥጋ እየመላለሰ ይቆርጠዋል። ለሲኒማ ቤት አንድ ቅጂ፣ ለቴሌቪዥን ደሙ የታጠበ ሌላ ቅጂ፣ ለዩቲዩብ ደግሞ የታጠበው ደም ተመልሶ የፈሰሰበት። በአንዱ የታረደው ጎረምሳ በሌላው ሠርጉን ይደግሳል። በክፍል አንድ ባለካራው ሮጦ የተደበቀባት ቅያስ በክፍል ሁለት ፈርሳ ሰፊ አስፋልት ሆናለች፤ ሰውዬው ግን አስፋልቱ መሀል ተገትሮ «ተሰወረ» ይባላል።

ክፍል ሁለትና ሦስት ድልድዩ ሥር ስላልተቀረጹ ተራቸውን ሲጠብቁ ቢቆዩም፣ ድልድዩ የተመለሰበት የክፍል አራት ዝግጅት ሲጀመር የእትዬ ደብሪቱ ስም አልተጠራም። እንጀራቸውም ክብራቸውም ያቺው የሻይ ቦታ ነበረች፤ ከእሷ ሌላ ለሥራ የሚፈልጋቸው አልነበረም። ነጠላቸውን አጣፍተው ፒያሳ፣ ተስፋሁን ማኪያቶ ወደሚጠጣበት ኬክ ቤት ሄዱ። እሱም አገላብጦ ሳማቸውና በክፍል አንድ መሞታቸውን አንገቱን ደፍቶ አረዳቸው። ቦታውን ኤዶም ለምትባል ወጣት ተዋናይት ሰጥቶታል።

ማን ነው የገደለኝ ብለው ቢጠይቁት፣ ኤዲተሩን ሙስዓብን ስልኩ ላይ ፊልሙን እንዲያሳያቸው አዘዘው። ታየ። ባለካራው ድልድዩ ሥር ይወርዳል፤ እዚያ ያሉት እትዬ ደብሪቱና ሻይ የሚጠጡ ሁለት ጎረምሶች ናቸው። ጩኸት ይሰማል። ባለካራውን የሚያሳድደው ኢንስፔክተር ይወርድና ተመልሶ ይወጣል፤ ባርኔጣውን ያወልቅና «ሞቱ» ይላል። አስከሬን የለም፤ ቀይ ሥሩ አልቆባቸው ነበር አሉ።

ተስፋሁን ይህቺ ቃል ለእርሳቸው የተባለች አንቱታ መሆኗን አስረዳ። ጎረምሶቹማ በቴሌቪዥኑ ቅጂ በሕይወት አሉ፤ አንደኛው እንዲያውም በክፍል ሦስት ታክሲ ይነዳል።

እትዬ ደብሪቱ ማኪያቷቸውን ቀስ ብለው አማሰሉ።

«ተስፍሽ ልጄ፣ ያ ኢንስፔክተር ፊልሙን ሙሉ ምን ይለኝ ነበር? ‹አንቺ ሴትዮ፣ ስኳር ጨምሪ። አንቺ፣ ዞር በይ።› በቁሜ አንድ ቀን እርስዎ ያላለኝ ሰው፣ የታረድኩ ዕለት አንቱታውን ከየት አመጣው? ጎረምሶቹን ነው እንጂ።»

ሙስዓብ ሳቅ አመለጠው። ተስፋሁን ግን በቀላሉ የሚረታ አልነበረም።

«እትዬ፣ አገራችንን ረሷት እንዴ? እዚህ ሰው የሚከበረው ሲሞት ነው።»

ነገሩ እውነት ነበር። ክብር በለቅሶ ድንኳን የሚመጣ ነገር መሆኑን እትዬ ደብሪቱም በዕድሜያቸው አይተዋል። ያም ሆኖ፣ «ይሁን። በየትኛው ቅጂ ላይ ነው ለቅሶዬ የተደረሰው? ነጠላውን የዘቀዘቀልኝ አንድ ሰው አሳየኝ» አሉት።

ሙስዓብ ሦስቱንም ክፍል ወደፊት ወደኋላ አመላለሰ። የዘቀዘቀ አልተገኘም። ለቅሶ ያልተደረሰለት ሰው ደግሞ በአራዳ ሕግ አልሞተም።

ተስፋሁን ተረታ፤ ተረታና ቂም ያዘ። በክፍል አራት ድልድዩ ሥር መለሳቸው፤ ግን ሻዩ ሳይፈላ፣ የፊልሙ ስም እንኳ ሳይጻፍ፣ ባለካራው እርሳቸውና ሁለት አዳዲስ ጎረምሶች ላይ ወረደ። ዳግመኛ ክርክር እንዳይነሣ፣ ኢንስፔክተሩን ጥርት አድርጎ «ሴትዮዋ ሞተች» አስባለው።

ፊልሙ የታየ ዕለት እትዬ ደብሪቱ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጩኸቱ ሲሰማ ተመልካቹ ፈንዲሻውን መቆርጠሙን አላቋረጠም። «ሞተች» ሲባል ግን አዳራሹ አጉረመረመ። ከኋላ አንድ ጎልማሳ፣ «ባለጌ፤ እናትህንም እንዲህ ነው የምትላቸው?» አለ። በማግስቱ ዩቲዩቡ ሥር የተጻፈውን ስድብ አልነግራችሁም። ሰው ማረድ ነውር አልሆነም፤ አንቱታ መንፈግ ነውር ሆነ።

ተስፋሁን ምን ያድርግ? ኢንስፔክተሩን ጠርቶ፣ ያቺኑ ቃል ዳግም አስቀርጾ አዲስ ቅጂ አወጣ። ባርኔጣው ይወልቃል፤ «ሞቱ» ይላል።

እትዬ ደብሪቱ ይህን እንደሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ኬክ ቤቱ ደረሱ። ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ «ጎረምሶቹ ሞቱ አሉ፤ ነፍስ ይማር» አሉት። «ክፍል አምስትን መቼ ነው የምንጀምረው?»

እናንተም የኔ ልጆች፣ ነገ መንገድ ዳር ሻይ ስትጠጡ የቀዱላችሁን እናት፣ ካራው ሳይመጣ፣ በቁማቸው «እርስዎ» በሏቸው። አደራ፣ ይቺን አስታውሱልኝ።