ለተራራው ባቡር የሰፋሁት ኮት

ልጆቻችን ተባብረው ተራራ ለተራራ በሚሄደው የቅንጦት ባቡር የደርሶ መልስ ትኬት ሲገዙልን፣ ባለቤቴ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ብርዱ ነበር። እኔ ስለ ልብሴ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሙሽራ ሳሳምር ኖሬ ለራሴ ደህና ኮት ሰፍቼ አላውቅም። ከትኬቱ ጋር በመጣው ማስታወቂያ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ሰውዬ ብርጭቆ ይዞ መስኮት አጠገብ ቆሟል። ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ የቆመ ኮሌታ፣ ሁለት ረድፍ የሚያብረቀርቅ ቁልፍ። ሀብታም ማለት እንዲህ ነው አልኩና ወረቀቱን ከስፌት መኪናዬ ፊት ለጥፌ ቁርጥ እሱን አስመስዬ ሰፋሁ። ሲያልቅ ለጎረቤቱ ሁሉ ለብሼ አሳየሁ። ባለቤቴ አዋላጅ ነርስ ናት፤ ነገር አታበዛም። "አላበዛኸውም?" ብቻ አለችኝ። ቅናት መስሎኝ ነበር።

ጣቢያው ስንደርስ ደረቴን ነፍቼ ወደ ባቡሩ ተጠጋሁ። በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ ጥቁር ሰማያዊ ኮት፣ የቆመ ኮሌታ፣ ሁለት ረድፍ ቁልፍ አድርጓል። የሚቀጥለው በር ላይ ያለውም እንደዚያው። ገና ነገሩ ሳይዋሃደኝ አንድ ወፍራም ሰውዬ ከኋላዬ መጥቶ ሻንጣውን እጄ ላይ ጣለና፣ የመጨረሻው ፉርጎ ነው ብሎኝ አለፈ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተሳስተዋል ጌታዬ ይል ነበር። እኔ ተሸከምኩ። ተሳፋሪ ነኝ ካልኩ ታዲያ ይህን ለምን ለበስክ መባሌ አይቀርም፤ ከማስረዳት መሸከም ቀለለኝ። ስመለስ ባለቤቴ ወንበሯ ላይ ተደላድላ፣ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነው።

ኮቱን አውልቄ እንዳልገላገል ከሥር የለበስኩት ሸሚዝ ጀርባው የተጣፈ ነው። ለሌላው ሲሰፋ የሚውል ሰው የራሱን ሸሚዝ መቼ ያስታውሳል? ስለዚህ ባቡሩ ሽቅብ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ በትልልቁ መስኮት ጫካና ፏፏቴ ሲያይ፣ እኔ ብርድ ልብስ አቀብላለሁ፣ መስኮት እዘጋለሁ። አንዱ የእውነት አስተናጋጅ ጥድፊያ ላይ ሆኖ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ የሻይ ትሪ አስያዘኝ። ፊት ለፊት ከተቀመጡ ባልና ሚስት የሚስቲቱን ሻይ ለባልየው ሰጠሁ፤ የባልየውን ጉልበቱ ላይ ደፋሁበት። ሙያው የእኔ እንዳልሆነ የገባው ሰው ግን አልነበረም፤ ሁሉም አዲስ ቅጥር ነው ብሎ አዘነልኝ።

ረጅሙ ድልድይ መሐል ስንደርስ ባቡሩ ተንገጫግጮ ቆመ። በግራም በቀኝም ገደል ነው። ወዲያው ፊቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ለብቻቸው የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጅጌዬን ጨምድደው ያዙ።

"ወንድም ዓለም፣ ምን ሆነን ነው?"

እኔ ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል መቀየር የማልችል ሰው ነኝ። ከአፌ የወጣው ድምፅ ግን ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

"ምንም የለም እናቴ። ባቡሩ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይቆማል። ተራራውን በደንብ እንድታዩት ነው።"

ፉርጎው በሙሉ ተነፈሰ። ተነስተው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። አሮጊቷ ግን እጅጌዬን አልለቀቁም፤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ባላቸው አንድ ቀን አብረን እንሄዳለን እያሉ ሲያስጠብቋቸው ኖረው እንደሞቱ፣ እሳቸውም መጠበቅ ሰልችቷቸው ለብቻቸው እንደመጡ አጫወቱኝ። እኔም ስለ ድልድዩ ጥንካሬ የማላውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ወዲያው የአስተናጋጆቹ አለቃ ገባ። ሐዲዱ ላይ ድንጋይ እንደተናደና እየተነሳ ስለሆነ እንዳንሰጋ ተናገረ።

"ይሄኛው ልጅ ግን ሌላ ነው ያለን" አሉ አሮጊቷ።

አለቃው ከኮሌታዬ እስከ ኮቴ ጫፍ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዳልል፣ ከሥራችን መሬት የለም።

"አንተ የየትኛው ፉርጎ ነህ?"

ባለቤቴ ከወንበሯ ሳትነሳ መለሰችልኝ። "የእኔ ነው። ባሌ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው።"

ሳቁ ፉርጎውን ሞላው። ወፍራሙ ሰውዬ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ዘረጋ። አለቃው የኮቴን ጠርዝ በጣቶቹ ዳሰሰና፣ አሁን እርስዎ ብሎኝ፣ የእነሱ ስፌት እንዲህ እንደማያምር ነግሮኝ ሻይ አዘዘልኝ። አሮጊቷ አልሳቁም። እጅጌዬን የለቀቁት ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ነው።

ጆሮዬ እየነደደ ሄጄ ባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። እንደምትተርበኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ፣ "ለአፍታ እኔም አምኜህ ነበር" አለችኝ። ይቺ ሴት ከተጋባን ጀምሮ ዝናብ ነው ስላት እንኳ ወጥታ ሳታይ አምናኝ አታውቅም። እንድትደግምልኝ ፈለግሁ፤ አፍሬ ተውኩት።

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በመስኮቱ ወደ ታች አየሁ። ወዲያው ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ እጄን ይዛ፣ ወንዙ ምን እንደሚመስል፣ ጭጋጉ ከየትኛው ተራራ እንደሚወርድ፣ ታች ያሉት ቤቶች ጣሪያቸው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ድልድዩን እስክንጨርስ አንድ በአንድ ነገረችኝ።