ቀድሞ የገባ ጡጦ

ሠላሳ አንድ ዓመት መጋዘን ጠብቄያለሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንዲት ጆንያ ነቅዛብኝ አታውቅም፣ አንዲት ጣሳም ጊዜዋ አልፎባት አያውቅም። ለምን ቢሉ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። አሮጌው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ፣ አለቀ! ይህ ያልገባው ሠራተኛ እኔ ዘንድ ሳምንት አይከርምም ነበር። ጡረታ ስወጣም ሕጌን ይዤው ወጣሁ እንጂ ለተተኪዬ አልተውኩለትም። እሱማ ገና በወሩ ሁሉን ነገር አተራምሶት የለ!

አሁን የምኖረው ከልጄ ጋር ነው። ልጄ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት። ባሏ ደግሞ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ማታ ሰው ሲተኛ ይወጣል፣ ጠዋት ቅንድቡ ላይ ዱቄት ይዞ ይመለሳል። እኔ «ዱቄቱ» ነው የምለው። ፊት ለፊት ብለውም አይቆጣም፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳ አይቆጣም?

የልጅ ልጄ ሦስት ወር ከምናምን ሆናት። ስም ወጥቶላታል፤ እኔ ግን «ዘበኛዋ» እላታለሁ። ቀን ለጥ ብላ ትተኛና ሰው ጎኑን ላሳርፍ ሲል ዓይኗ ቁልጭ ይላል። ከዚያ እስኪነጋ ወይ ትጫወታለች፣ ወይ ታለቅሳለች። ሌሊት ተረኛው እኔ ነበርኩ። መብራቱን ቦግ አድርጌ፣ ጡጦዋን ይዤ፣ የመጋዘኑን ጉድ ሁሉ አጫውታታለሁ። ያን የስኳር ሌባ እንዴት እንደያዝኩት ስነግራት እጇን ታወራጭ ነበር። ከሚስቴ ሞት ወዲህ ያን ያህል አድምጦኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

የጡጦው ነገር እንዲህ ነው። ልጅቱ ጡት መሳብ ስለሰነፈች እናቷ እያለበች ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጥላት ጀመር። አንድ ቀን ፍሪጁን ብከፍተው ወይ ጉድ! አንዱ ጡጦ ከሽንኩርቱ ጎን፣ አንዱ በሩ ላይ፣ አንዱ ተጋድሞ። «ይሄን ለኔ ተዉት» አልኩ። እያንዳንዱ ላይ ቀንና ሰዓት ጻፍኩ፤ ደረደርኩ፤ አሮጌው ከፊት፣ አዲሱ ከኋላ። ልጅቱ በራባት ቁጥር የሚነሣው የፊተኛው ነው።

«አባዬ፣ ፍሪጃችን ግምጃ ቤት ሆነ እኮ!» አለችኝ ልጄ።

ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ግን ልጄ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። እኔ ብነሣላትስ፣ ልጇ እያለቀሰች የትኛዋ እናት ትተኛለች? የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ፣ ወደ ሥራ ከመመለሷ በፊት፣ የመሥሪያ ቤቷ ተቆጣጣሪ ለፈተና ከጎኗ ተቀምጦ ከተማውን አስነዳት። ቀይ መብራት ላይ እንደቆመች ሸለብ አደረጋት። አረንጓዴ በርቶ፣ ከኋላ ጡሩምባው ቀልጦ፣ ተቆጣጣሪው ነው የቀሰቀሳት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ «በሦስት ሳምንት እንደገና እንሞክራለን፤ ያኔም እንዲህ ከሆነ መሪ አትይዢም፣ ትኬት ክፍል ትገቢያለሽ» አላት። ልጄ ደግሞ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ አውቶቡስ ከመንዳት ሌላ ሕልም የላትም። ቤት ገብታ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አንጀቴን በላችው።

እኔም በዱቄቱ ላይ ቱግ አልኩ። ቀን ስለሚተኛ መኝታ ቤቱ በወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል፤ ሁላችን በእግር ጣታችን ነው የምንሄደው፤ የማንቆርቆሪያው ክዳን እንኳ እንዳይንኳኳ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ሕፃኗ ከጎኑ ናት።

«ቀኑን ሌሊት ያደረግህባት አንተ ነህ!» አልኩት።

«አባባ፣ ቀን ካልተኛሁ ከዳቦው ጋር እጋገራለሁ» አለኝ በለሆሳስ። «ያችን የእርስዎን ክፍል ቢለውጡኝስ? መስኮት የላትም፤ እኔ እዚያ ብተኛ የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ይገለጥ ነበር።»

«ክፍሌን?! መደርደሪያውን በልኬ አሠርቼ?»

አሁንም አልተቆጣም። «እሺ አባባ» ብሎ ተኛ።

በማግስቱ ሁላችንም ልጅቱን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። እኔ የሄድኩት ነርሷ ዱቄቱን እንድትገሥጽልኝ ነበር። ነርሷ ልጅ እግር ናት፤ መዘነቻት፣ የጭንቅላቷን ዙሪያ ለካች፣ «ጎበዝ፣ ጤነኛ ናት» አለች። ከዚያ ውሎና አዳሯን ጠየቀችን፤ የመጋረጃውን ነገር ዘርዝሬ ነገርኳት።

«ሆድ ውስጥ ሳለች በእናቷ ሰዓት ነበር የምትኖረው» አለች ነርሷ። «አንጎሏ ውስጥ የራሷ ሰዓት አላት፤ ግን ገና እየተሞላች ነው። የሚሞላትም የቀን ብርሃን፣ የሌሊት ጨለማ፣ የቤቱ ጫጫታና ጸጥታ ነው። ቀን ያየችውንና የሰማችውን አንጎሏ በእንቅልፏ ሰዓት ቦታ ቦታ ያስይዘዋል።»

«ዕቃ መደርደር ነዋ!» አልኳት።

«ልክ ነው አባባ። እርስዎ ግን ሌሊት መብራት አብርተው አዲስ ዕቃ ያራግፉባታል።»

ዱቄቱ ወደ መሬት አየ፤ ሲስቅ እንዳላየው መሆኑ ነው።

«ወተቱስ እንዴት ነው የሚሰጣት?» አለች ነርሷ።

እዚህ ላይ እንኳ ኮራ ብዬ ሕጌን አስረዳኋት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የፊተኛውን፣ የኋለኛውን። ነርሷም መልሳ ጠየቀችኝ።

«እንግዲያው ጠዋት የታለበው የሚደርሳት መቼ ነው?»

በጣቴ ቆጠርኩ። «ወደ... ሌሊት።»

«የሌሊቱስ?»

«ረፋድ ላይ።» ድምፄ አነሰ።

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አባባ፣ የእናት ወተት ቀንና ሌሊት አንድ አይደለም። የሌሊቱ ውስጥ ሰውነትን ለእንቅልፍ የሚያዘጋጅ ነገር አለ፤ የጠዋቱ ውስጥ ደግሞ የሚያነቃው ይበዛል። ለልጆች ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ገና እየተጠና ነው። ግን የቀኑን ለቀን፣ የሌሊቱን ለሌሊት ቢያደርጉት ምን ይጎዳል?»

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ዱቄቱን ስከስስ ከርሜ የዘበኛዋን ደመወዝ የምከፍለው እኔው ኖሬያለሁ! የቤታችን በር ላይ ስንደርስ ዱቄቱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አባባ፣ እኔም የማታውን ሊጥ ለማታ ነው የማቦካው» አለኝ። ይህ ልጅ እንዲህ መቀለድ የት ተማረ?

የዚያን ዕለት ከሰዓት ልብሴንና ፍራሼን ሰብስቤ ሳሎን አወጣሁ። «ና፣ ግባበት» አልኩት። «መደርደሪያውን ግን እንዳትነካ!» ልጄ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ፍሪጁንም ለሁለት ከፈልኩት፤ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ፀሐይ፣ ታችኛው ላይ ጨረቃ ሣልኩ። ሕጌን አልጣልኩም፤ የቀኑ በቀኑ ተራ፣ የሌሊቱ በሌሊቱ ተራ ይወጣል። ጠዋት መጋረጃው ይገለጣል፣ ቤቱ ይንጫጫል፣ የማንቆርቆሪያው ክዳን እንደልቡ ይንኳኳል። ሌሊት ግን መብራት የለም፣ ጨዋታ የለም፤ ዳሰስ አድርጌ አብልቼ ዝም። የስኳሩ ሌባ ታሪክ ጫፉ ላይ እያለ መዋጥ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቀው ያወቀው ነው።

በአንድ ጊዜ አልተለወጠችም። የመጀመሪያው ሳምንት እንዲያውም ባሰባት፤ ቀንም ሌሊትም አለቀሰች። ልጄ «አባዬ፣ ትኬት ክፍል መግባቴ ነው» እያለች ቀን ትቆጥር ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፏ ትንሽ ትንሽ ወደ ሌሊት ሸሸ።

የፈተናው ዋዜማ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንደለመድኩት ነቃሁ። ጆሮዬን ጣልኩ፤ ምንም የለም። የጨረቃዋን ጡጦ ይዤ በጨለማ ሄድኩና በሩ ላይ ቆምኩ። እናትም ልጅም ትንፋሻቸው እኩል ይመጣል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ጨዋታችንም ናፈቀኝ። ዘበኛዋ ከሥራ ተሰናብታለች፤ እኔ ብቻዬን ተረኛ ሆኜ ቀረሁ። ጡጦውን በቦታው መለስኩት።

ጠዋት ሁላችንንም እንቅልፍ ጣለን። ለካ የቤቱ ሰዓት የሷ ለቅሶ ነበር! ዱቄቱ ከሥራ መጥቶ በር ባያንኳኳ ጉድ ፈልቶ ነበር። ልጄ አንድ ጫማዋን አጥልቃ ሌላውን በእጇ ይዛ ሮጠች። እኔ መጋረጃውን ገለጥኩ። ፀሐይዋ አልጋው ላይ ወደቀች፣ ዘበኛዋ ዓይኗን ገለጠች፣ በደንብ አየችኝ፤ ከዚያ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። እንቅልፏን ጠግባ ፊቴን በቀን ብርሃን በቅጡ ያየችው ያን ዕለት ሳይሆን አይቀርም። ሊያስቅ የሚችል ፊት ነው፣ ይሁን። እዚያው ቁጭ ብዬ የስኳሩን ሌባ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።

በሳምንቱ ልጅቱን ታቅፌ ፌርማታው ላይ ቆምኩ። ሰልፉ ረዥም ነበር። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ መሪው ላይ ልጄ ናት፤ ዓይኗ ጥርት ብሏል። ስታየን ጡሩምባውን ነፋችና በሩን ከፍታ፣ «አባዬ፣ ኑ ቀድማችሁ ግቡ!» ብላ ተጣራች።

«የለም የለም!» አልኳት። «ሰልፍ አለ አይደለም እንዴ? ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይገባል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዘበኛዋም ሳቀች።