አርባ አንድ ገጽ

ኃይለ መስቀል ፍራንክፈርት ተቀምጦ ስንቱን ጦርነት ጀምሮ ጨርሷል። አንድም ያሸነፈው የለም፤ ቃለ ጉባኤ ያልተያዘለት ግን አንድም የለም።

በባሕር በር ሰበብ ከኤርትራ ጋር ይነሣል በሚባለው በዘንድሮው ጦርነት ገና ጥይት አልተተኮሰም። ቅዳሜ ቅዳሜ ኒድ በሚባለው የከተማው ሰፈር የሚሰበሰበው ኮሚቴ ግን «ድኅረ ጦርነት» የሚል አርባ አንድ ገጽ ዕቅድ አዘጋጅቶ ጨርሷል። ሳይገድሉ ጎፈሬ ማለት ይሄ ነው። ሊቀ መንበሩ ኃይለ መስቀል ነው፤ ዚንድሊንገን ካለው የኬሚካል ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ምን ይሁን?

የዚያን ቅዳሜ መጀመሪያ በጦርነቱ መነሻ ተከራከሩ። የኮሚቴው አባል ዘገየ «ባሕሩ ሰበብ ነው፤ በሁለቱም በኩል ነገሩ ሥልጣን ማራዘም ነው» አለ። ገላነሽ «የውጭ እጅ አለበት» አለች፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አልተስማሙም። ኃይለ መስቀል ደወል መትቶ ወደሚወደው ክፍል አለፈ፦ ወደቡን ማን ያስተዳድር? እሱ ራሱ መዋኘት አይችልም።

ዮውሃንስ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ያዳምጣል። አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ የተማረ፣ ከኃይለ መስቀል ጋር ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ፈረቃ የሠራ ጓደኛው ነው። እጁን አወጣ።

«የእህቴ ልጅ ምሽግ ውስጥ ነው» አለ። «እሱ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው ያለው?»

ኃይለ መስቀል ዕቅዱን አገላበጠ። የጉምሩክ ቀረጥ አለ፤ የወደቡ በር ቀለም ሳይቀር አለ። ልጁ የለም።

«ከአጀንዳ ውጭ ነው» አለ።

ዮውሃንስ ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ማክሰኞ ለኃይለ መስቀል ከዓይን ክሊኒክ ተደወለ። ሐሙስ የዓይን ሞራ ሊገፈፍለት ነው። ጸሐፊዋ «ከኦፐራሲዮኑ በኋላ ማን ይወስድዎታል? ማንስ አብሮዎት ያድራል? ሰው ከሌለ ቴርሚኑ ይሰረዛል» አለችው፤ ቀጠሮው ማለቷ ነው። ለቀይ ባሕር ያቀደው ሰውዬ ለገዛ ዓይኑ አላቀደም። «ሰው አለኝ» ብሎ ዋሸ።

ለኮሚቴው ደወለ። ዘገየ «ጉልበቴን እኮ አሞኛል፤ ደግሞ ሐሙስ እኔም ቴርሚን አለኝ» አለው። ገላነሽ የልጅ ልጆቿን ከኪንደርጋርተን ታመጣለች። ሁሉም በጸሎት እንደሚያስቡት ነገሩት። ወደ ዮውሃንስ ሊደውል አራት ጊዜ ስልኩን አነሣ፤ አራት ጊዜ መልሶ አስቀመጠው። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ዮውሃንስ ነው።

«ቴርሚንህን አብረን አይደል የያዝነው?» አለ። «ጫማህን አድርግ፤ የኤስ-ባኑ ባቡር ያመልጠናል።»

ከሰዓት በኋላ ኃይለ መስቀል አንድ ዓይኑ ታሽጎ፣ የዮውሃንስን ክንድ ይዞ ከክሊኒኩ ወጣ። ዮውሃንስ በየጥቂት እርምጃው ስልኩን ያያል። እህቱ ከደወለች ሦስት ሳምንት ሆኗታል።

«የልጁ ስም ማን ነው?» አለ ኃይለ መስቀል። በዚህ ሁሉ ዓመት ጠይቆት አያውቅም።

«ሓረጎት።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ሁለት። እሱም እንዳንተ ዓይኑ ደካማ ነው። ያለ መነጽር አያይም።»

ኃይለ መስቀል መንገድ ላይ ቆሞ አለቀሰ።

«ተው ሓወይ፣ ተው ወንድሜ» አለው ዮውሃንስ፣ ክንዱን ጠበቅ አድርጎ። «ዓይንህን እንዳታሸው ተብለሃል።»