ሻለቃው ያጠናው መርዶ

«ልጅዎ ሞቷል። በጣም አዝናለሁ» አለ ሻለቃው። «አሁንስ?»

«አሁን ደህና ነው» አለች አስተርጓሚዋ። እውነቷን ነው፤ ከአገር ልጅ አፍ የወጣ ነበር የሚመስለው። ማን ገደለው የሚለው ብቻ የለበትም። እሱን ደግሞ አስተምሪኝ አላላትም።

ልጁ ትናንት ማታ ኬላው ላይ ነው የተመታው። ቁም ቢሉት አልቆመም። የሞተር ብስክሌቱ ፍሬን እንደማይዝለት ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ የውጭዎቹ ወታደሮች ከየት ይወቁ? እናቱ ታስሯል ብላ ምሳ ቋጥራ ካምፑ በር ላይ ተቀምጣለች።

አስተርጓሚዋ ምላሷ ፀጉር እስኪያበቅል አስረድታዋለች። እዚህ መርዶ በር ላይ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ቤቷ ይኬዳል፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ከኋላዋ ይቆማል። እስከዚያ ሁሉም አፉን ይዘጋል።

ሻለቃው መጀመሪያ አልዋጥልህ ብሎት ነበር። ይሄ መደበቅ ነው፣ እናት የማወቅ መብት አላት አለ። በኋላ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ገባኝ፤ ባህላችሁን አከብራለሁ» አላት። በቋንቋችሁ አስተምሪኝ ያለውም ያኔ ነው። ለነገ መስሏት አስተማረችው።

ከዚያ በጓሮ በር ወጥታ የእናትየው ወንድም ጋ ሄደች። አናጢ ነው። ሰፈሩ እሷን «የነሱ አፍ» ስለሚላት መጋዙን እንኳ አላስቀመጠም። ነገሩን ስትነግረው ነው እጁ የቆመው።

«እስከ ነገ ላይነግሯት እሺ ብለዋል ጋሼ።»

«የነሱ እሺ ስንት ኪሎ ነው?»

«ራሱ ሻለቃው ነው ያለኝ።»

አናጢው ፊቱን በክንዱ ጠረገ። አሁን ሄዶ እህቱን ወደ ቤት ይወስዳታል፤ ጣጣው አልቆ ልጁ ነገ ይፈታል ይላታል፤ ሌሊቱን እህቶቿን ይሰበስባል። «እግዜር ይስጥሽ እህቴ» አላት። እዚያ ካምፕ ከገባች ወዲህ እህቴ ያላት ሰው አልነበረም።

ሁለቱ ካምፑ ሲደርሱ ሻለቃው በሩ ላይ ቆሟል። ቆቡን አውልቋል። እናትየው ምሳውን ሊቀበላት የወጣ መስሏት ተነስታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«ልጅዎ ሞቷል። በጣም አዝናለሁ» አላት፣ ጥርት አድርጎ።

ከኋላዋ ማንም አልነበረም። አናጢው ሮጠ፤ አልደረሰም። ጭንቅላቷ የበሩን ኮንክሪት ሲመታ ተሰማ።

አናጢው እህቱን ታቅፎ ቀና ሲል ሻለቃውን አላየውም። አስተርጓሚዋን ነው ያየው።

«እንዲህ አጥርቶ ማን አስተማረው?»

እህቱን በሰው መኪና ጭኖ ወሰዳት፤ ደም ከጆሮዋ ይወርድ ነበር።

ሻለቃው ቢሮው ገብቶ ቆቡን በእጁ ያዞራል። ምን እንዳጠፋ ጨርሶ አልገባውም። ወረቀት አላነበበላትም፣ ወታደር አልላከባትም፤ ራሱ ወጥቶ፣ በገዛ ቋንቋዋ ነው የነገራት። ዓይኑ ቀልቷል። ከልቡ ነው ያዘነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

«ቤቷ ልሂድ» አለ። «ይቅር በይኝ እንዴት ነው የሚባለው በናንተ?»

አስተርጓሚዋ በመስኮቱ በሩ ላይ የተደፋውን ምሳ አየች። አንድ ወታደር በቦቲው ወደ ዳር ይገፋዋል።

«እሱ በኛ ቋንቋ የለም» አለችው።